ዋቢው እኔ ነበርኩ

በ2003 ዓ.ም. የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ፣ በካምፓሳችን የኮምፒውተር ክፍል ተራ ጠብቄ ገባሁና አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ተወልጄ ያደግኩባት ትንሽ ከተማ በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ላይ ገጽ እንዳላት ያወቅኩት ያን ምሽት ነበር። ገጹ አራት መስመር ነው፤ ከፍታዋ፣ የሕዝቧ ቁጥር፣ የምትገኝበት ወረዳ፣ አለቀ። አገሬ ተጽፋ በማየቴ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ተጽፋ በማየቴ ደግሞ ከፋኝ። ኤዲት የሚለውን ተጫንኩና የስሟን አመጣጥ ጨመርኩበት። በመኪናው መንገድ ዳር ጠጅ ትሸጥ የነበረች አንዲት ሴት ነበረች፣ ከተማዋም የተጠራችው በእሷ ስም ነው አልኩ። ምንጭ አልጠቀስኩም። ምንጬ አያቴ ነበሩ።

አያቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። የዚያችን ሴትዮ ታሪክ የሚያወሩት ብዙውን ጊዜ በረካው ሲቀዳ ነው። "ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው" ብለው ይጀምራሉ፤ ከዚያ የጠጁ ቀለም፣ የሴትዮዋ አንደበት፣ ሾፌሮቹ ቁልቁለቱን ሳይጨርሱ ጥሩንባ እየነፉ መምጣታቸውን ሳያሳውቁ እንደማያልፉ ይተርካሉ። እኔ ይህን ሁሉ በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጨመቅኩት። ስጨምቀውም ተሳሳትኩ፤ "ከጣሊያን ወረራ በፊት" ብዬ ጻፍኩ። ይህችን ስህተት ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

የከተማዋን ስም እዚህ አልጠራም። ለምን እንደማልጠራው ጽሑፉን ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ዓረፍተ ነገሯ እኔን ረስታ የራሷን ኑሮ ጀመረች። በ2006 አንድ ጋዜጣ ስለ አካባቢው የጉዞ ማስታወሻ ሲያትም የሴትዮዋን ነገር አነሳ። ከዓመት በኋላ በዊኪፒዲያው ገጽ ላይ "ምንጭ ያስፈልጋል" የሚል ምልክት ተለጠፈ፤ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቅን ኤዲተር ጋዜጣውን ፈልጎ አገኘና በግርጌ ማስታወሻ አስገባው። ምልክቱ ተነሳ። ቀጥሎ የቱሪዝም በራሪ ወረቀት ላይ ወጣች፤ ከዚያ አንድ መጽሐፍ ውስጥ። ባለፈው ዓመት አንዱን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መተግበሪያ ስለ ከተማዋ ስጠይቀው፣ ያለ ምንም ማመንታት የአያቴን ሴትዮ ነገረኝ። "ከጣሊያን ወረራ በፊት" አለኝ።

ጠቡ የተነሳው በ2015 ነው። አንድ ሰው ገብቶ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘው። በምትኩ የከተማዋ ስም የኦሮምኛ ቃል እንደሆነ፣ ከመንገዱም ከከተማውም በፊት የነበረ የአንድ የውሃ ምንጭ ስም እንደሆነ ጻፈ። ዋቢ አልጠቀሰም። ሌላ ኤዲተር መለሰበት። እንደገና ሰረዘ። እንደገና ተመለሰበት። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በ24 ሰዓት ውስጥ የሌሎችን ሥራ ከሦስት ጊዜ በላይ የሻረ ሰው ይታገዳል። ታገደ።

እኔም ዝም አላልኩም። የውይይት ገጹ ላይ ገብቼ ጨዋ የመሰለኝን መልእክት ጻፍኩለት። ስሜቱን እንደምረዳ፣ ግን እዚህ ቤት የሚሠራው በምንጭ እንደሆነ፣ እኛ ጋ የታተመ ጋዜጣ እንዳለ አስረዳሁና "አንተ ምን አለህ?" አልኩት። እገዳው ሲያበቃ በአማርኛ መለሰልኝ፦ "እኔ አለሁ። እዚያው ተወልጄ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ምንጭ ምንጭ ትላላችሁ፤ ምንጩማ ከከተማው በላይ ነው፣ ውጡና እዩት።" ከሥሩ አንድ የውጭ አገር ኤዲተር በትህትና፣ እባክህ እዚህ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ አለው።

ያን ሌሊት ነው የጋዜጣውን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍቼ ያነበብኩት። የሴትዮዋ ዓረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተመለሰ ነበር። "ከጣሊያን ወረራ በፊት" ይላል። አያቴ እንዲህ ብለው አያውቁም። በዓለም ላይ እንዲህ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ዋቢ ማለት

የአንድ ዊኪፒዲያ ገጽ ፊቱ ትንሹ ክፍሉ ነው። ከላይ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ ብዙዎቻችን ተጭነናቸው አናውቅም። አንዱ ወደ ውይይት ገጹ ይወስዳል፣ ሌላው እያንዳንዱ ለውጥ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና ከነስሙ ወደተመዘገበበት የታሪክ ገጽ። ዊኪፒዲያን እንደ አንድ ድርሰት የሚተች ሰው ማንበብ ያለበት እነዚህን ነው። ፊቱ የሚነግራችሁ ሰዎች የተስማሙበትን ነው። ውስጡ የሚነግራችሁ ደግሞ ሳይስማሙ የቀሩበትንና ማን ቀድሞ እንደደከመው ነው።

ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ሲጀምሩት የሰዉ ጥያቄ አንድ ነበር። ማንም እየገባ የሚጽፈውን ነገር ማን ያምነዋል? እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 ርዕሶችን ከብሪታኒካ ጋር አወዳድሮ ዊኪፒዲያ በአማካይ ወደ አራት፣ ብሪታኒካ ወደ ሦስት ስህተት በየርዕሱ እንዳላቸው አሳተመ። ብሪታኒካ ውድድሩን አጥብቆ ተቃወመ፤ ሰዉ ግን በቃ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው ብሎ አለፈ። ከዚያ ወዲህ "ዊኪፒዲያን አትመኑ" የሚሉን መምህራን ራሳቸው ሌክቸራቸውን ከዚያ ሲያዘጋጁ አይተናል።

ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች የሚጽፉት ነገር ሊታመን የቻለው ቤቱ እውነትን ከሰዎቹ ላይ አንስቶ ምንጭ ላይ ስለጫነው ነው። "ማን ነህ?" አይባልም፤ "ይህን ያለው ማን ነው፣ የት ታተመ?" ይባላል። ለዓመታት መመሪያው በግልጽ መለኪያው እውነት መሆኑ ሳይሆን ሊረጋገጥ መቻሉ ነው ይል ነበር። ሲሰሙት ያናድዳል። ነገር ግን ሁለት የማይተዋወቁ፣ ምናልባትም የሚጠላሉ ሰዎች አንድ ገጽ አብረው እንዲጽፉ የሚያደርግ ሌላ መንገድ እስካሁን አላየሁም።

እኛ ቋንቋ ውስጥ ለዚህ የቆየ ቃል አለ። "ዋቢ" የመጽሐፍ መጨረሻ ላይ ከመቀመጡ በፊት የሙግት ቃል ነበር፤ ከ"ዋስ" ጋር ዘመድ ነው። ለአንተ የሚቆም፣ አንተ በሌለህበት የሚጠየቅልህ ሰው ማለት ነው። ግርጌ ማስታወሻን እንዲህ ካየነው ብዙ ነገር ይጠራል። ዋቢ ያልከው ነገር እውነት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። እውነት ሆኖ ባይገኝ ማን እንደሚጠየቅ የሚያሳይ ነው። ዋስ አንተው ራስህ ልትሆን አትችልም። ዋሱ አንተን አምኖ የቆመ ከሆነና አንተም እሱን ጠርተህ የቆምክ ከሆነ ደግሞ፣ ዳኛው የያዘው ባዶ እጅ ነው።

የእኔ ጋዜጣ ባዶ እጅ ነበር። ጋዜጣው እኔን አምኖ ጻፈ፤ ገጹ ጋዜጣውን አምኖ ቆመ። ለዚህ ክብ ነገር ራንዳል መንሮ የተባለው የኤክስኬሲዲ ካርቱን ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2011 "ሳይቶጄኔሲስ" የሚል ስም አወጣለት፤ ዋቢ ከራሱ ሲወለድ እንደማለት ነው። በጣም የታወቀው ምሳሌ አስቂኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ኮአቲ ስለተባለ የደቡብ አሜሪካ እንስሳ በሚያወራው ገጽ ላይ "የብራዚል አርድቫርክ ተብሎም ይጠራል" የሚል ቀልድ ጨመረ። አርድቫርክ እኛ አዋልደጌሳ የምንለው ነው፤ ከኮአቲ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቀልዱ ጋዜጦች ላይ ወጣ፣ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ እነዚያው ተመልሰው ለገጹ ዋቢ ሆኑለት። እውነቱን ሰው ያወቀው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። የእሱ ቀልድ ነበር። የኔ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ፍቅር ነበር። ለአንባቢው ልዩነት የለውም።

ሕያው ሰው ምንጭ አይደለም

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ሮዝ ለዊኪፒዲያ ግልጽ ደብዳቤ በኒው ዮርከር መጽሔት ላይ አሳተመ። "ዘ ሂውማን ስቴይን" የተባለው ልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ከአናቶል ብሮያርድ ሕይወት የተቀዳ ነው መባሉን ገጹ ላይ አይቶ፣ አይደለም፣ የፕሪንስተኑ ፕሮፌሰር ሜልቪን ቱሚን ላይ የደረሰ ነገር ነው መነሻዬ ብሎ እንዲታረም ጠይቆ ነበር። የተሰጠው መልስ፣ ደራሲው ስለ ራሱ ሥራ የሚለው ብቻውን አይበቃም፣ ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል የሚል ሆነ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ደብዳቤው መጽሔት ላይ ሲታተም ግን ራሱ ምንጭ ሆነና ገጹ ተስተካከለ።

ሳቁ ተገቢ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው። ገጹ ይል የነበረው ሃያሲዎች ብሮያርድን አንስተዋል ነበር፤ አንስተውም ነበር። ደራሲ ስለ ልብ ወለዱ የመጨረሻውን ቃል ይናገር የሚለውም ቢሆን ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነገር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ግማሽ ነው። ሮዝ ቅር ሲለው ኒው ዮርከር አለው። ቃሉን በአንድ ሳምንት ወደ ምንጭ መቀየር ይችላል። የኛ ከተማ ሽማግሌ ቅር ሲላቸው ያላቸው ካፒታል ፊደል ብቻ ነው።

ዶና ስትሪክላንድንም አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ስለ እሷ የተረቀቀ ገጽ ታዋቂነቷን የሚያሳዩ በቂ ምንጮች የሉትም ተብሎ ተመለሰ። በጥቅምት 2 ቀን የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመች፤ በፊዚክስ ሦስተኛዋ ሴት። ገጿ በሰዓታት ውስጥ ወጣ። ረቂቁን የመለሰው ኤዲተር ደንቡን አልጣሰም። ጋዜጦችና መጽሔቶች ስለ እሷ አልጻፉም ነበር፤ ዊኪፒዲያ የእነሱን ዝምታ ገለበጠው። ትችቴ እዚህ ላይ ነው። ዊኪፒዲያ የሚያንጸባርቀው ዓለምን ሳይሆን ስለ ዓለም የታተመውን ነው፤ ሕትመት ያልደረሰበት አገር ደግሞ በዚህ መስታወት ውስጥ ሲታይ ሰው የሌለበት ይመስላል።

ይህን ያዩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 አቻል ፕራባላ የተባለ ሕንዳዊ ጸሐፊ ከባልደረቦቹ ጋር በሕንድና በደቡብ አፍሪካ መንደሮች እየዞረ፣ ሰዎች የሚያውቁትን ግን የትም ያልታተመውን በድምፅ ቀድቶ ለዊኪፒዲያ ምንጭ እንዲሆን ሞከረ። ፊልምም ተሠራበት፤ ርዕሱ "ሰዎች ዕውቀት ናቸው" የሚል ነው። ሐሳቡ በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ሰፊ ተቀባይነት አላገኘም። የተቃዋሚዎቹን ፍርሃት ዛሬ ከእኔ በላይ የሚረዳው ያለ አይመስለኝም። አያቴን በድምፅ ቀድቼ ብጭናቸው ኖሮ የተሳሳተውን ታሪክ በጥሩ ድምፅ ይናገሩት ነበር።

ግን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛም ሰነፎች ነን። ደንቡ ምንጭ በእንግሊዝኛ ይሁን አይልም። ኢንተርኔት ላይ ይገኝም አይልም። የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ መጽሐፍ ከነገጽ ቁጥሩ ዋቢ መሆን ይችላል። በ1933 የተመሠረተው አዲስ ዘመን ዕትሞቹ ወመዘክር ተቀምጠዋል። በሀምቡርግ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካ አለ፤ ውድ ነው፣ ለማንበብ ቤተ መጻሕፍት ድረስ መሄድ ይጠይቃል። አንዳንዱ ምንጭ ደግሞ በራሳችን ጥፋት አይደለም የራቀን። ከመቅደላ በ1860 ከተዘረፉት የብራና መጻሕፍት ከ300 በላይ የሚሆኑት ዛሬም ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያሉት። ግን ወመዘክር ሄዶ ጋዜጣ የሚገልጥ ስንት ሰው አለ? ኤዲት የሚጫን፣ የሚሳደብ፣ የሚታገድ ግን ሞልቷል።

ጥሩ ጠብ፣ መጥፎ ጠብ

ብዙ የውይይት ገጾችን አንብቤያለሁ፤ በላ ልበልሃን ያስታውሱኛል። ነገሩ በአደባባይ ነው፣ አላፊ አግዳሚው ይሰማል፣ አነጋገር ያወቀ ይረታል። አንዳንዱ ጠብ አሳፋሪ ነው። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በአንድ የስታር ትሬክ ፊልም ርዕስ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል በትልቅ ፊደል ትጀምር ወይስ በትንሽ ለሚለው ከ40 ሺህ በላይ ቃላት ተጽፎበታል። አንዳንዱ ጠብ ግን ዕውቀት ይወልዳል። የፖላንዷ ግዳንስክ በጀርመንኛ ዳንዚግ ናት፤ ስሟን ማን ይጥራ ለሚለው ለረጅም ጊዜ ተዋጉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ድምፅ ተሰጠና ከ1308 እስከ 1945 ስላለው ዘመን ሲወራ ዳንዚግ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ግዳንስክ እንድትባል ተወሰነ። ማንም ሙሉ በሙሉ አልረካም። ግን ሁለቱም ስም ገጹ ላይ አለ፤ አንባቢውም ከተማዋ በስንት እጅ እንዳለፈች ከስሟ ይማራል።

ከእኛም ወገን ጥሩ ምሳሌ አለ። የእንግሊዝኛው ልማድ ሰውን በመጨረሻ ስሙ መጥራት ነው፤ ስለዚህ አበበ ቢቂላ "ቢቂላ" እየተባለ ይጻፍ ነበር። ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አባትየው ይመስል! ዛሬ ብዙ የኢትዮጵያውያን ገጾች ላይ፣ ሁለተኛው የአባት ስም ስለሆነ ሰውዬው በራሱ ስም ይጠራል የሚል አጭር ማስታወሻ ታያላችሁ። የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ግን አላለቀም። አንዱ ገብቶ የዓድዋን 1896 ወደ 1888 ይቀይረዋል፣ ሌላው ይመልሰዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የጎደለው "ዓ.ም." እና "እ.ኤ.አ." የሚሉ ፊደላት ናቸው። እነሱን ከመጨመር ይልቅ ግን መሻር ይቀላል።

ራሱን "ውክፔዲያ" ብሎ የሚጠራው የአማርኛው ደግሞ ሰላም ነው። እጅግ ሰላም። ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ገጾች አሉት፤ የእንግሊዝኛው 7 ሚሊዮን አልፏል። ከአማርኛዎቹ ብዙዎቹ አንድ ተረትና ምሳሌ ብቻ የያዙ ናቸው። የውይይት ገጻቸውን ስትከፍቱ አብዛኛው ባዶ ነው። ጠብ የሌለበት ቤት ሰላም ያለበት ሊመስል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰው የሌለበት ነው። አደጋውን ስኮትላንዶች አይተውታል። በስኮትስ ቋንቋ የሚዘጋጀው ዊኪፒዲያ ውስጥ ቋንቋውን የማይችል አንድ አሜሪካዊ ልጅ ለዓመታት እንግሊዝኛን እያጣመመ ከ20 ሺህ በላይ ገጽ ጻፈ፤ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ያስቆመው አልነበረም። ክፋት አልነበረውም። የጎደለው የሚጣላው ሰው ነበር።

የእኔም ዓረፍተ ነገር ለ12 ዓመት የኖረችው ተጣይ በማጣት ነው። ሊጣላት የመጣውን ብቸኛ ሰው ደግሞ አስታገድነው።

የማን ልጅ ነህ?

ጋዜጣውን ባነበብኩ በማግስቱ ዓረፍተ ነገሬን ራሴ ሰረዝኩና የውይይት ገጹ ላይ ተናዘዝኩ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጋዜጣው ከእኔ ነው የቀዳው፣ አልኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመለሰብኝ። ኤዲተሩ የነገረኝ እኔ ራሴ ለሽማግሌው የነገርኳቸውን ነው፤ ያንተ የግል ቃል ምንጭ አይደለም፣ ጋዜጣው ግን ምንጭ ነው። ፊሊፕ ሮዝን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት።

ሁለት ቀን ተበሳጨሁ። ከዚያ የታሪክ ገጹን ከፈትኩ። ሁሉም ነገር እዚያ ነበር፤ እኔ የጻፍኩበት ቀንና ሰዓት፣ ጋዜጣው ከመታተሙ ሦስት ዓመት በፊት። ዋቢው የገባበት ቀን። ቃል በቃል የተመለሰው ዓረፍተ ነገር፣ ከነስህተቱ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ እንደገና ጻፍኩ። በዚህ ጊዜ ማንም እኔን ማመን አላስፈለገውም። ሁለት ሳምንት ያህል ወሰደ፤ አንድ ልምድ ያለው ኤዲተር አይቶ፣ ትክክል ነው፣ ክብ ነው ብሎ ዓረፍተ ነገሩንም ግርጌ ማስታወሻውንም አነሳው።

ለዚህ ነው ዊኪፒዲያን እየተቸሁ የማልተወው። ስህተቴን ለ12 ዓመት ተሸክሞ ዓለምን ያዞረው እሱ ነው። ስህተት መሆኑንም ያስረዳልኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም የሚሰርዘውን አይጥለውም። ጋዜጣው እስከ ዛሬ ማረሚያ አላወጣም። መጽሐፉ በየመደርደሪያው አለ። መተግበሪያው ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው በትህትና ይቅርታ ጠየቀኝና ሌላ ታሪክ ፈጠረልኝ። ከሁሉም ውስጥ የራሱን ክስ መዝገብ የያዘው የታሪክ ገጹ ብቻ ነው።

ሽማግሌውን በውይይት ገጹ በኩል ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ የቴሌግራም ቁጥር ላኩልኝ። ደወልኩ።

"ማን ልበል?"

ስሜን ነገርኳቸው።

"የማን ልጅ ነህ?"

የአባቴን ስም ነገርኳቸው፤ አላወቁትም። የአያቴን ስጠራ ትንሽ ዝም አሉ።

"የሾፌሩ!" አሉና ሳቁ። "እሳቸውማ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፣ ነፍስ ይማር። ሴትዮዋንም አውቃታለሁ፤ ልጅ ሆኜ ተልኬ ጠጅ ገዝቼባታለሁ። ግን ልጄ፣ አገሩ በእሷ ስም አልተጠራም። እሷ ናት በአገሩ የተጠራችው። የመጣችው ከሩቅ ነው፤ ሾፌሮቹ ትክክለኛ ስሟን ስለማያውቁት በምንጩ ስም ጠሯት፣ በዚያው ቀረ።"

እሷ ናት በአገሩ የተጠራችው። የተቀዳው ምንጭ ሆኖ፣ ምንጩ የተቀዳ መስሎ። ጋዜጣውና እኔ ያደረግነውን ሾፌሮቹ ጥሩንባ እየነፉ ቀድመውን አድርገውታል።

እሳቸውም ቢሆኑ አንድ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር፣ ቋንቋቸውን የሚወዱ፣ ስማቸው ተሽሮ የኖረ የመሰላቸው። ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። የድሮ መምህሮቻችን አንድን ቃል ሲተረጉሙ "አንድም" ብለው አንዱን ይሰጣሉ፣ "አንድም" ብለው ሌላውን ያስከትላሉ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ የትኛው እንደሚበልጥ ሰሚው ያመዛዝናል። የከተማችን ስም እንዲህ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ግን "አንድም" ለማለት ሁለቱም ታሪክ መጀመሪያ የሆነ ቦታ፣ በባለቤቱ ስም፣ ከነቀኑ መጻፍ አለበት። አያቴ በ2005 ዓ.ም. አርፈዋል። የሳቸውን የጻፈው እኔ ነኝ፤ ያውም ስማቸውን ሳልጠራ፣ ቀኑን አዛብቼ።

መምህሩ የሰሙትን በደብተር እየጻፉ ነው፤ ከማን እንደሰሙት፣ መቼ፣ የት። በየሳምንቱ ገጹን በስልክ ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል፣ እኔ እተይባለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንጀምር ስለ ምንጩ የሰሙት ከማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ "ከአያቴ" አሉ፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ሲያልቅ የሚያትመው ቦታ እንፈልጋለን። ከታተመ በኋላም ዊኪፒዲያ ላይ የሚያስገባው እኔም እሳቸውም አንሆንም፤ ሌላ ሰው አንብቦ፣ አመዛዝኖ ያስገባው።

ገጹን ትናንት ከፈትኩት። ከፍታዋ፣ የሕዝቧ ቁጥር፣ የምትገኝበት ወረዳ። ስለ ስሟ ምንም የለም።